የሥራ ግብርን በሕጋዊ መንገድ መቀነስ፦ የቱ መንገድ ለማን ይሻላል? ለወሎ ደሞዝተኛ የተዘጋጀ ንጽጽር

ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የግብር ነገር ሲነሳ የሚለው ያው ነው። «እኛ ምን አቅም አለን? ገንዘቡ እጃችን ሳይገባ ይቆረጣል።» ግማሹ እውነት ነው። ነጋዴው ሐምሌ ሲመጣ ቢያንስ ሰነዱን ይዞ ይከራከራል። ደሞዝተኛው ወር በገባ ቁጥር የተጣራውን ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ወደ ቤት ኪራዩና ወደ ጤፉ ሒሳብ ይሄዳል። ሌላው ግማሽ ግን እውነት አይደለም። ግብሩ በየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚሰላ የሚወሰነው ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ውል ስትፈርሙ፣ ጭማሪ ስትጠይቁ፣ ተጨማሪ ገቢ ከየት ላምጣ ብላችሁ ስታስቡ። እዚያ ላይ ምርጫ አላችሁ። ምርጫዎቹ ደግሞ እኩል አይደሉም፣ አንዳንዱ በወር መቶ ብር ያተርፋል፣ አንዳንዱ ከሺህ በላይ።

መጀመሪያ የማይሠራውን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ጊዜውን እዚህ ላይ ስለሚያባክን። በእኛ ሕግ ደሞዝተኛ ወጪውን ከደሞዙ ላይ ቀንሶ በቀሪው ብቻ ግብር የሚከፍልበት መንገድ የለም። አምስት ልጅ ስላላችሁ የሚቀነስ የለም። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የባንክ ብድር ወለድ አይቀነስም። ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው በጋራ የሚያሳውቁበት አሠራርም የለም፣ እያንዳንዱ ለየራሱ ነው። ዘካም ይሁን አሥራት፣ ለመስጊድም ይሁን ለቤተክርስቲያን ማሠሪያ የሰጣችሁት ዋጋው ፈጣሪ ዘንድ ነው እንጂ ከሥራ ግብር ላይ አይነሳም። ከእናንተ የሚቆረጠው 7% ጡረታም ግብሩን አይቀንስም፣ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመነሳቱ በፊት ባለው ሙሉ ደሞዝ ላይ ነው። በዩቲዩብ «ግብር መቀነሻ ዘዴዎች» እያሉ የሚያወሩት ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ አሜሪካ ነው። እዚያ ይሠራል፣ እዚህ አይሠራም።

ሰንጠረዡን በእጃችሁ ያዙ

የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 በ2017 ዓ.ም በአዋጅ 1395/2017 ተሻሽሏል። የሥራ ግብር ሰንጠረዡም አብሮ ተቀይሯል። አሁን በወር እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም። ከ2,001 እስከ 4,000 ባለው ላይ 15%፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ባለው 20%፣ ከ7,001 እስከ 10,000 ባለው 25%፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ባለው 30%፣ ከ14,000 በላይ ባለው 35% ነው። ቀድሞ ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር፣ 35% የሚጀምረውም ከ10,900 በላይ ላይ ነበር።

ለማስላት አጭሩ መንገድ ይኸው። ደሞዛችሁ የወደቀበትን መቶኛ በሙሉ ደሞዙ አባዙና የተቀመጠውን ቁጥር ቀንሱ። ለ15% 300 ብር፣ ለ20% 500፣ ለ25% 850፣ ለ30% 1,350፣ ለ35% 2,050 ትቀንሳላችሁ። 8,000 ብር የሚያገኝ ሰው 8,000 ሲባዛ በ25% 2,000 ይሆናል፣ 850 ሲቀነስ 1,150 ብር። በድሮው ሰንጠረዥ 1,445 ነበር። 12,000 የሚያገኝ ሰው አሁን 2,250 ይከፍላል፣ ቀድሞ 2,700 ነበር። በወር 450 ብር ልዩነት ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውና ምንም የማያስወጣው መንገድ የደሞዝ ወረቀታችሁን ማስላት ነው። በትልልቅ ተቋማት ፔሮሉ በሶፍትዌር ስለሚሠራ ችግር አይኖርም ይሆናል። ትንሽ ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ሰው በሰው የተቀጠረበት መጋዘን ግን አንድ ሒሳብ ሠራተኛ በድሮው የኤክሴል ፋይል ላይ ስም ብቻ እየቀያየረ ሊሠራ ይችላል። ወረቀቱ ላይ «የሥራ ግብር» የሚለውን መስመር ብቻ ነጥላችሁ እዩት። ከሥሩ ያሉት የወጪ መጋራት፣ የማኅበር መዋጮ፣ የቁጠባና ብድር ተመላሽ ግብር አይደሉም። «ግብሩ በላኝ» ብሎ የሚያማርር ሰው ወረቀቱ ሲታይ ግማሹ ተቆራጭ ብድር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስሌቱ ካልገጠመ ሰንጠረዡን አትማችሁ ለፋይናንስ በጽሑፍ አቅርቡ። በቃል ብቻ አትበሉት፣ በቃል የተባለ ነገር በሚቀጥለው ወር ይረሳል።

ጭማሪ በደሞዝ ወይስ በጥቅማጥቅም?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

ደሞዛችሁ 12,000 ነው እንበል። አሠሪው 1,500 ብር ሊጨምርላችሁ ተስማማ። በደሞዝ ላይ ከተጨመረ 30% ግብሩ 450 ብር ይወስዳል፣ 7% ጡረታው 105 ይወስዳል፣ እጃችሁ የሚገባው 945 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ በላዩ ላይ 11% የጡረታ ድርሻውን፣ ማለትም 165 ብር ይጨምራል። እሱ 1,665 አውጥቶ እናንተ ዛሬ የምታዩት 945 ነው። ያው 1,500 ብር ሕጉ ከግብር ነፃ ባደረገው መልክ ቢሰጥ ግን 1,500 ሆኖ ይደርሳችኋል። ለዚህ ነው «ስንት ትጨምርልኛለህ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «በምን መልክ?» የሚለው መምጣት ያለበት።

ሕጉ ከግብር ነፃ ካደረጋቸው ውስጥ ለእኛ አካባቢ የሚጠቅሙትን ላወዳድር።

የሕክምና ወጪ ከሁሉም ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ ሕመምተኛ ለሆነ ወይም መድኃኒት ለማያቋርጥ ሰው። አሠሪው የሠራተኛውን ትክክለኛ የሕክምና ወጪ ሲከፍል ያ ገንዘብ ግብር የለበትም። እዚህ ላይ ግን ብዙ መሥሪያ ቤት የሚሳሳትባት ቀጭን መስመር አለች። የደሞዝ ወረቀቱ ላይ «የሕክምና አበል 1,000» ተብሎ ለሁሉም፣ ለታመመውም ላልታመመውም፣ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ትክክለኛ ወጪ አይደለም። ያ ደሞዝ ነው፣ ግብር ይከፈልበታል። ሠራተኛው ደሴ ሆስፒታል ወይም ፋርማሲ ሄዶ ስሙ ያለበት ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ የሚመለስለት ግን ነፃ ነው። ልዩነቱ ያለው ደረሰኙ ላይ ነው። ስለዚህ አሠሪያችሁ ቋሚ የሕክምና አበል የሚሰጥ ከሆነ በደረሰኝ ወደሚመለስ እንዲቀየር ጠይቁ። ጤነኛና ወጣት ከሆናችሁ ግን ይህ ለውጥ ሊጎዳችሁ ይችላል። ካልታመማችሁ የሚመለስ የለማ! ግብር ተቆርጦለትም ቢሆን በየወሩ የሚመጣው ጥሬ ገንዘብ ለእናንተ ይበልጣል።

የትራንስፖርት አበል በሥራ ውሉ ላይ እስከተጻፈ ድረስ በመመሪያ በተቀመጠው ገደብ ውስጥ ያለው ነፃ ነው፣ ከገደቡ የሚያልፈው ግብር ይከፈልበታል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርዶ ወጥቶ የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚያወጣውን ያውቀዋል፣ ለእሱ ይህ አበል ቀልድ አይደለም። ቁልፉ «በሥራ ውሉ ላይ» የሚለው ነው። አለቃ በደግነት በእጅ የሚሰጠው የታክሲ ገንዘብ ነገ ኦዲተር ሲመጣ ከደሞዝ ይደመራል። ውላችሁ ላይ አንድ መስመር ማስገባት ግን ምንም አያስወጣም። ገና ሥራ ልትጀምሩ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ከጀመራችሁም በተጨማሪ ውል።

ምግብ ደግሞ ለፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በማምረቻ፣ በማዕድንና በግብርና ሥራ ላይ ያለ አሠሪ ለሠራተኛው በነፃ የሚያቀርበው ምግብና መጠጥ ግብር አይከፈልበትም። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ይሁን ከፓርኩ ውጪ ባሉት የጨርቃጨርቅ፣ የብረትና የምግብ ፋብሪካዎች የሚሠራ ሰው ሁለት ቅጥር ሲያወዳድር ይህን ማስላት አለበት። 600 ብር ከፍ ያለ ደሞዝ የሚሰጥና ምሳ የማያቀርብ አንድ ወገን፣ ምሳ የሚያቀርብ ሌላ ወገን። 600 ብሩ ከግብርና ከጡረታ በኋላ ለ8,000 ደሞዝተኛ 408 ብር ነው። በ408 ብር ወሩን ሙሉ ምሳ የሚበላበት ቤት ካገኛችሁ ንገሩኝ። ምሳውን ምረጡ።

ከሌላ ቦታ ተቀጥራችሁ ስትመጡና ሥራው አልቆ ስትመለሱ አሠሪው የሚሸፍነው የጉዞ ወጪም ነፃ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ብዙ አልሄድበትም።

ደሞዙ የሚሻልበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ተቃራኒውን መናገር ግዴታዬ ነው። አበል ደሞዝ አይደለም። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ ላይ ነው። ስለዚህ ለጡረታ ጥቂት ዓመት የቀረው አባት ወይም እናት ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ደሞዝ ሆኖ እንዲመጣ ቢጠይቁ ነው የሚሻላቸው። ዛሬ 555 ብር ለግብርና ለጡረታ ቢሄድም ዕድሜ ልክ በሚከፈላቸው አበል ላይ ይንጸባረቃል። ጡረታው ራሱ ደግሞ ግብር የለበትም።

ከሥራ ሲሰናበቱ የሚከፈል የስንብት ክፍያና የትርፍ ሰዓት ሒሳብም በደሞዝ ላይ ነው የሚታሰበው። ባንክ ብድር ሲሰጥም የሚያየው መደበኛ ደሞዙን ነው። በቅርቡ ቤት ወይም ባጃጅ ለመግዛት ብድር የምታስቡ ከሆነ በአበል የተሞላ ትንሽ ደሞዝ ባንክ ፊት አያስከብርም። የሠላሳ ዓመት ወጣት ብድር የማያስብ፣ ወጪው የዛሬ የሆነ፣ በጥቅማጥቅም ይሂድ። ሃምሳ አምስትን ያለፈ ሰው በደሞዝ ይሂድ። በመሀል ያለው ደግሞ በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ምን እንደሚያደርግ አስቦ ይወስን።

ኮምቦልቻ ወይስ ሰመራ?

ከወሎ ወደ አፋር ወርዶ መሥራት ለብዙ ሰው የተለመደ ነው። ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ። ነርሱ፣ ኢንጂነሩ፣ ሹፌሩ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ይወርዳል። እዚያ ያለው የበረሃ አበል በመመሪያው ገደብ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ሁለት ቅጥር ቀረበላችሁ እንበል። ኮምቦልቻ በ14,000 ደሞዝ፣ ሰመራ ደግሞ በ12,000 ደሞዝና በ3,000 የበረሃ አበል፣ አበሉም ሙሉ በሙሉ በገደቡ ውስጥ ያለ።

ኮምቦልቻ ላይ ግብሩ 2,850፣ ጡረታው 980 ነው፣ እጃችሁ የሚገባው 10,170። ሰመራ ላይ ግብሩ 2,250፣ ጡረታው 840 ሲነሳ 8,910 ይቀራል፣ አበሉ ሲደመር 11,910። በወር 1,740 ብር ብልጫ አለው። በወረቀት ላይ ከሆነ ሰመራ ያሸንፋል። ግን ቤተሰቡ ደሴ የሆነ ሰው በወር ሁለት ጊዜ ቢመላለስ፣ ሁለት ቤት ኪራይ ቢከፍል፣ ለሙቀቱ ማራገቢያና ቀዝቃዛ ውኃ ቢጨምር ያ 1,740 ብር ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። ላላገባና ቤት ለሚሰጠው ሰው ሰመራ፣ ለባለ ትዳር ኮምቦልቻ እላለሁ። ብልጫው ከ4,000 ብር በላይ ከሆነ ግን ባለ ትዳሩም ቁጭ ብሎ ከቤተሰቡ ጋር ይምከርበት።

በጅቡቲ መስመር የምትሠሩ ሹፌሮችም ይህ ይመለከታችኋል። ለሥራ ስትወጡ የሚሰጣችሁ ውሎ አበል በመመሪያው ልክ ሲሆን ነፃ ነው። አንዳንድ ባለ መኪና ደሞዝና አበል ሳይለይ «በወር ይሄን ያህል» ብሎ በጥቅል ይዋዋላል። በጥቅል የተጻፈው ሁሉ ደሞዝ ነው፣ በሙሉው ላይ ግብር ይሰላል። ውሉ ላይ ደሞዝ ለብቻ፣ ውሎ አበል ለብቻ ይጻፍ። ለባለ መኪናውም አይከብደውም፣ የእሱ የጡረታ ድርሻም የሚሰላው በደሞዙ ላይ ብቻ ስለሚሆን።

ተጨማሪ የጡረታ ቁጠባ

አሠሪ ለሠራተኛው ጡረታ ወይም ፕሮቪደንት ፈንድ (ለሠራተኛው የሚጠራቀም የቁጠባ ፈንድ) የሚያዋጣው ከደሞዙ 15% እስካልበለጠ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ከዚህ ውስጥ 11% በግዴታ ለጡረታ ይገባል። 4% ክፍተት ይቀራል ማለት ነው። ለ12,000 ደሞዝተኛ 480 ብር። በደሞዝ ቢሰጠው ከግብርና ከጡረታ በኋላ 302 ብር ገደማ ነበር የሚሆነው።

ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ያዙበት። ገንዘቡ ከሥራ እስክትለቁ ወይም ጡረታ እስክትወጡ አይነካም። ኑሮ ደግሞ በየዓመቱ ይወደዳል፣ ፈንዱ የተቀመጠበት ወለድ ያንን ካልተከተለ ያተረፋችሁት ግብር በዋጋ ንረት ይበላል። የተረጋጋ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ላለና ከደሞዙ ለመቆጠብ ለሚቸገር ሰው እመክራለሁ። ነገ ይዘጋል የሚባል ድርጅት ውስጥ ላለ ሰው አልመክርም።

«ኦቨርታይም ብሠራ ግብሩ ይበላዋል»

ይህን የምሰማው በየቦታው ነው፣ ሰውንም ሥራ አስፈትቷል። ሰንጠረዡ እርከን ነው። ከፍ ያለው መቶኛ የሚነካው ከእርከኑ ያለፈውን ብር ብቻ ነው እንጂ ከታች ያለውን አይደለም። 13,500 ደሞዝ ያለው ሰው 2,000 ብር ኦቨርታይም ሠራ። 500ው በ30%፣ 1,500ው በ35% ይሰላል፣ በድምሩ 675 ብር ግብር። 1,325 ብር ቀረለት። ከፍ ወዳለ እርከን በመሻገሩ ብቻ የተጣራ ገቢው የሚያንስበት ሰው በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። ድካሙ ለ1,325 ብር ይገባል አይገባም የሚለው የራሳችሁ ጉዳይ ነው። አዋጅ 1156/2011 በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል፣ በሌሊት አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይሰጣል። ምርጫ ካላችሁ የበዓሉን ያዙ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመውሊድ፣ ለገና ሌላ ሰው የማይፈልገውን ፈረቃ ወስዶ የራሱን በዓል ከጓደኛው ጋር የሚለዋወጥ ሰው ወሎ ውስጥ ሞልቷል፣ በዚህ አገር የሁለት ሃይማኖት ጎረቤት መሆን በፈረቃም ይጠቅማል።

ያው 4,000 ብር፣ ሦስት ዓይነት ግብር

ተጨማሪ ገቢ ለምትፈልጉ ይህን በደንብ አንብቡት። 9,000 ብር ደሞዝ ያለው መምህር በወር ሌላ 4,000 ብር ይፈልጋል። ሦስት መንገድ አለው።

አንደኛው ማታ ማታ ሌላ ትምህርት ቤት ተቀጥሮ ማስተማር ነው። ሁለቱ ደሞዝ ይደመራል፣ 13,000 ይሆናል። በ9,000 ላይ ግብሩ 1,400 ነበር፣ በ13,000 ላይ 2,550 ነው። ሁለተኛው ሥራ 1,150 ብር ግብር አመጣ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት 4,000ን ለብቻው አስልቶ 300 ብር ብቻ ይቆርጣል፣ መምህሩም ደስ ይለዋል። ልዩነቱ 850 ብር ግን አልጠፋም፣ በመምህሩ ቲን ቁጥር ላይ ዕዳ ሆኖ እየተጠራቀመ ነው። በዓመት ከአሥር ሺህ ብር ያልፋል፣ ቅጣትና ወለድ ሲጨመርበት ደግሞ ያስደነግጣል። ሁለት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ አንዱ ስለ ሌላው ይወቅ፣ ተደምሮ ይሰላ።

ሁለተኛው ኪራይ ነው። የኪራይ ገቢ ለብቻው በሠንጠረዥ ለ ነው የሚሰላው፣ ከደሞዝ ጋር አይደመርም። በዓመት እስከ 24,000 ብር ግብር የለበትም፣ ከዚያ በላይ እስከ 48,000 ያለው 15% ነው። መምህሩ ግቢው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ በ2,000 በ2,000 ቢያከራይ የዓመቱ ገቢ 48,000 ነው። ምንም ወጪ ሳይቀነስ እንኳ ግብሩ 3,600 ብር፣ በወር 300 ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ወጪ ሲነሳ ደግሞ ይቀንሳል። ለደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ለኮምቦልቻ ካምፓሱም ፓርኩም አለ፣ ክፍል ፈላጊ አይጠፋም። ችግሩ ግልጽ ነው፣ ብሎኬትና ቆርቆሮ ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ክፍሉ ላለው ሰው ግን ማታ ከማስተማር ይህ ይሻላል፣ በግብርም በድካምም። ለጥገና ያወጣችሁበትን ደረሰኝ፣ የሲሚንቶውንም የቀለሙንም፣ አትጣሉ።

ሦስተኛው አነስተኛ ንግድ ነው፣ በራሱ ወይም በእርግጥ በምትሠራው ባለቤቱ ስም። በአዲሱ ማሻሻያ የዓመት ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ ለ ነው፣ ግብሩም በሽያጩ ላይ እንደ መጠኑ ከ2% እስከ 9% ይሄዳል። ልብስ ስፌት፣ ጥልፍ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ 12,000 ሸጦ 4,000 የሚያተርፍ ሰው በዓመት 144,000 ይሸጣል፣ ግብሩ ቢበዛ 4,320 ብር ነው፣ በወር 360። ከኪራይ ብዙም አይርቅም።

ግን ተጠንቀቁ! ይህ ግብር የሚያየው ሽያጩን ነው እንጂ ትርፉን አይደለም። ያንኑ 4,000 ብር ለማትረፍ በወር 80,000 ብር ስኳርና ዘይት የሚሸጥ ሱቅ በዓመት 960,000 ይሸጣል። ትርፉ 48,000 ነው፣ በሽያጩ ላይ የሚመጣው ግብር አብዛኛውን ትርፍ ይወስደዋል። እጅ ሥራና ሙያ የሚበዛበት፣ ዕቃው ትንሽ የሆነ ንግድ በዚህ ሥርዓት ይጠቀማል። በትንሽ ትርፍ ብዙ የሚያዘዋውር ይጎዳል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሱቅ ለመከራየት ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ይህን በወረቀት አስሉት፣ ስሌቱ ካልወጣላችሁ ለአንድ ሒሳብ ባለሙያ ከፍላችሁ አስሉት። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ በጎን መነገድ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የሕግ አማካሪነት፣ የሶፍትዌር ሥራ፣ የዲዛይን ሥራ ለድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ቲን ቁጥር ሳታቀርቡ ክፍያ አትቀበሉ። ከፋዩ 30% አስቀርቶ ነው የሚከፍላችሁ።

ሁለት ፔሮል

ይህን ከምርጫዎቹ ጋር አላነጻጽረውም፣ ግን ብዙ የግል ድርጅት ስለሚያቀርበው ዝም ማለት አልችልም። «በወረቀት 4,000 እናስመዘግብህ፣ 6,000ውን በእጅ እንሰጥሃለን።» ግብሩ ከ1,650 ወደ 300 ይወርዳል፣ 1,350 ብር ያተረፋችሁ ይመስላል። ያጣችሁትን ቁጠሩ። ጡረታችሁ በ4,000 ላይ ነው የሚገባው፣ የአሠሪው 11% ብቻ በወር 660 ብር ቀረ። ስንብት በ4,000። ጉዳት ቢደርስባችሁ ካሳ በ4,000። ባንክ የሚያያችሁ በ4,000። በጦርነቱ ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ሥራ ሲቆም፣ ፋብሪካ ሲዘረፍ፣ ደሞዛቸው በወረቀት ያልሰፈረ ሠራተኞች የሚጠይቁበት ማስረጃ አልነበራቸውም። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ምስክር የለውም። በሕግም ቢሆን በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ግብር ማጭበርበር ከ100 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር መቀጮና ከ3 እስከ 5 ዓመት እስራት አለው። ፈራሚው እናንተም ናችሁ።

ጥያቄውን እንዴት እናቅርብ?

አሠሪ «ግብሬን ቀንስልኝ» ሲባል ይፈራል፣ ሕገወጥ ነገር የተጠየቀ ይመስለዋል። ስለዚህ በቁጥር ቅረቡት። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የአሁኑን ደሞዝ፣ የታሰበውን ጭማሪ፣ በደሞዝ ቢሆን እሱ የሚያወጣውንና እናንተ የምታገኙትን፣ በትራንስፖርት አበልና በደረሰኝ በሚመለስ ሕክምና ቢሆን ደግሞ ሁለታችሁም የምታገኙትን ጻፉ። 11%ው እንደሚቀርለት ሲያይ ራሱ ይጠይቃችኋል። የግል ድርጅት በጀቱን ከሐምሌ በፊት ስለሚሠራ ግንቦትና ሰኔ ላይ ያቀረባችሁት ጥያቄ መስከረም ላይ ከምታቀርቡት የበለጠ ይሰማል። ብቻችሁን ከምትገቡ ሦስት አራት ሆናችሁ ግቡ፣ ለአንድ ሰው ውል ማሻሻል የሰነፈ ሰው ኃይል ክፍል ለአሥር ሰው አንድ ጊዜ ማሻሻል አይከብደውም። የሠራተኛ ማኅበር ያላችሁ ደግሞ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አስገቡት፣ ያኔ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ቢመጣም አበሉ በአንድ ደብዳቤ አይነሳም።